ልጄ በስልክ እንዳየቻት ጃፓናዊት የሃርፕ ተጫዋች መሆን እፈልጋለሁ አለችኝ

አናጢው ከሄርማታ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የቤቱ ሰዎች።

የምኖረው ጅማ ነው። ሄርማታ ገበያ አጠገብ በርጩማ እሠራለሁ። የጅማ በርጩማ የምትሉትን፣ ባለ ሦስት እግሩን። አልጋና ቁም ሳጥንም እሠራለሁ፤ ስሜን የሚያስጠራው ግን በርጩማው ነው። ከሙዚቃ ጋር ያለኝ ዝምድና ሬዲዮ መክፈትና መዝጋት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ የመሃይም ቢመስላችሁ አትሳቁብኝ።

ትልቋ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በገና ትማራለች። ዓምና ሁዳዴ ሲገባ ነው የጀመረችው። በገናውን የሠራሁላት እኔ ነኝ። የሰንበት ትምህርት ቤቱን በገና በሜትር ለካሁ። ከአንድ ጎረቤት ግቢ የወደቀ ዋንዛ ገዛሁ። ቆዳውን ከሥጋ ቤት አገኘሁ። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ሃያ ዓመት ከእንጨት ጋር ኖሬ፣ ለልጄ ሲሆን ቸኮልኩ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሁለተኛው ይሻላል። አውታሩ ግን ክረምት ሲመጣ ይላላል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጠዋት የቃኘችው ማታ ሌላ ድምፅ ሆኖ ይጠብቃታል።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ተቀምጠን ሳለ ስልኬን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ትልቅ በገና እየው» አለች። አየሁት። አንዲት ጃፓናዊት፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ነገር ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ትጫወታለች። አጠገቧ ዋሽንት የሚነፋ ሰው አለ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት እንጨቱን ነው፤ ልማድ ነው። ላይኛው ክፍል ጎብጦ እንደገና ይቃናል። እንዲህ ያለ ቅርጽ ከአንድ ጣውላ ብታወጣው ይሰበራል። ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀ መሆን አለበት። ፊት ለፊት ምሰሶ ቆሟል። አውታሩን ልቆጥር ሞክሬ 30 ላይ ጠፋብኝ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ያየችው ሌላ ነው። «ይቺ ሴትዮ ሲንጀር ነው እንዴ የምትረግጠው?» አለች። እውነትም እግሯ አያርፍም። ከታች የሆነ ነገር ትረግጣለች፣ ትለቃለች፣ እንደገና ትረግጣለች።

ልጄ ደግሞ ሁለታችንም ያላየነውን አየች። «ትንሿ ጣቷ አትሠራም» አለች። ደግመን ከፈትነው። እውነቷን ነው። በሁለቱም እጅ ትንሿ ጣት ወደ ላይ ተነስታ ዝም ብላለች።

ስሟ ናኦኮ ዮሺኖ ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ልጄ ስሟን የሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋዋለች። «እኔም እንደሷ አገር ላገር እየዞርኩ እጫወታለሁ» ትላለች። እኔም «መጀመሪያ የያዝሽውን በገና በቅጡ ያዢ» አልኳት። አኮረፈች። እናቷም አብራ አኮረፈችኝ።

ጥያቄዬ ይኸው። ይቺ ሴት ማናት? እንዴት እዚህ ደረሰች? ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይስ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው? ከእኛ በገና ጋርስ ዘመድ ናቸው? ልጅን በባዶ ተስፋ መሙላት አልፈልግም። ተስፋዋን ልቁረጥ ብልም አንጀቴ እምቢ አለኝ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። «አይዞህ» ብቻ የምትሉኝ ይቅርባችሁ፤ እሱን ጎረቤቶቼ ብለውኛል።

አዌቱ ማዶ፦

ወንድሜ፣ እውነቱን እንነጋገር። ጅማ ተወልጄ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሃርፕ የሚባል ነገር በዓይኔ በብረቱ አላየሁም። ልጅቷ ጎበዝ ከሆነች ሒሳብና ሳይንሷን ትያዝ። ዩኒቨርሲቲው ደጃችን ነው። ሐኪም ትሁን። በገናውን እሁድ እሁድ ትደርድር፣ ማን ከለከላት? ጅማና ጃፓን የሚመሳሰሉት ስማቸው ሲጀምር ብቻ ነው። ቅር እንዳይልህ፣ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። የእኔዋ ፓይለት እሆናለሁ ብላ ነበር፤ አሁን ቆንጆ ሱቅ አላት።

ቡና ቀማሹ፦

ጋሼ አናጢው፣ እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ቆጪ ነው ያደግኩት። አሁን አዲስ አበባ ቡና እቀምሳለሁ። ሥራዬ ነው፣ ሱስ አይደለም። ስለ ቡና ልማር በስኮላርሺፕ ጃፓን 3 ዓመት ቆይቻለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ ትከሻዬን አመመኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

እዚያ አገር የውጭ ተማሪ ፈቃድ ካወጣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል። እኔ ያገኘሁት ሥራ የሙዚቃ መሣሪያ ከቤት ወደ አዳራሽ የሚያመላልስ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበር። ፒያኖ የሚሸከሙት አንጋፋዎቹ ናቸው። ለእኔ ሃርፕ ደረሰኝ። አለቃዬ «ሃርፕ» ሲለኝ የክራር ዓይነት መስሎኝ በአንድ እጄ ላነሳ ሄድኩ። 40 ኪሎ ገደማ ነው። ቁመቱም ይበልጠኛል። ወፍራም ልብስ ይለብሳል፤ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ከዚያ በሁለት ጎማ ጋሪ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ደረጃ ያለበት ቤት ሲሆን አልነግርዎትም።

አንድ ክረምት ላይ ጥፋት አጠፋሁ። የእነሱ ክረምት ብርድ ነው፣ ዝናብ አይደለም። ከቀዝቃዛ መኪና አውርጄ ማሞቂያው አጠገብ አቆምኩት። እኔ እጄን ላሞቅ ሄድኩ። ብዙም አልቆየሁ፣ ጧ! አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጧ! ሁለት አውታር ተበጠሰ። ባለቤቷ መጣች። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። ከቦርሳዋ አዲስ አውታር አወጣች፣ ተንበርክካ ራሷ ቀየረችው፣ በቁልፍ ቃኘችው። እኔ ቆሜ አያለሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ያ ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። የሃርፕ ሰው የዕድሜውን ግማሽ ሲቃኝ ነው የሚኖረው። የእርስዎ ልጅ ጠዋትና ማታ እየቃኘች ከሆነ፣ ከሥራው አንዱን ጀምራዋለች ማለት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ናኦኮ ዮሺኖን በአካል አላገኘኋትም። ሃርፗንም አልተሸከምኩም። ግን ሹፌራችን የእሷ ሲዲ ነበረው። ሲዲው ካለቀ የድሮ የአገሩን ዘፈን ይከፍታል። በነገራችን ላይ፣ ያን የድሮ ዘፈን ሲከፍተው ትዝታ መስሎኝ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። አምስት ድምፅ ነው፣ እንደኛ። ሐዘንተኛው የትዝታ ቅኝት ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ሹፌሩ ለምን እንባዬ እንደመጣ አልገባውም።

ዮሺኖ የተወለደችው ለንደን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967። ሃርፕ የጀመረችው በ6 ዓመቷ፣ አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ነው። አስተማሪዋ ሱዛን ማክዶናልድ ትባላለች፤ በዚህ ሙያ ከታላላቆቹ አንዷ ነበረች። በ1981 ሮም ውስጥ በተደረገ ዓለም አቀፍ ውድድር 2ኛ ወጣች። በ1985 ደግሞ በእስራኤሉ የሃርፕ ውድድር 1ኛ። ገና 17 ዓመቷ ነበር። ያ ውድድር ከ1959 ጀምሮ ያለ ነው። ለሃርፕ ሰው እዚያ ማሸነፍ ለሯጭ ትልቅ ማራቶን እንደማሸነፍ ነው። ከዚያ በኋላ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ፣ ከእስራኤል ፊልሃርሞኒክ፣ ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር ተጫውታለች።

አዌቱ ማዶ፣ ይሄ ለአንተ ነው። የተመረቀችው ከሙዚቃ ትምህርት ቤት አይደለም። ቶኪዮ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጠቅላላ ዕውቀት የሚያስተምር። ስለዚህ የሒሳብ ደብተሩም አይጣል፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውም አይፋቅ።

አሁን ወደ እንጀራው። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከባድ ነው። አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ከ20 በላይ ቫዮሊን ይቀመጣል። ሃርፕ ግን አንድ ነው፣ ሲበዛ ሁለት። ያቺን አንዲት ወንበር የያዘ ሰው ደግሞ አይነሳም። ሌላ ጃፓናዊት አለች፣ ማሪኮ አንራኩ። ከ1995 ጀምሮ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ኦርኬስትራ ሃርፕ ትጫወታለች። ያ የደመወዝ መንገድ ነው፤ ወንበሩ ተገኘ ማለት እንጀራው ተገኘ። ዮሺኖ የያዘችው ሌላውን መንገድ ነው። ወንበር የላትም። ዛሬ አንድ ከተማ ከኦርኬስትራ ፊት፣ በሳምንቱ ሌላ ከተማ ከአንድ ዋሽንት ጋር፣ ከዚያ ብቻዋን። የቫዮሊን ሰው መሣሪያውን ይዞ አውሮፕላን ይሳፈራል። የሃርፕ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ብዙ ጊዜ የራሱን ሃርፕ እቤቱ ትቶ ነው። የደረሰበት ከተማ የተዋሰለትን ሃርፕ ይጫወታል። እርስዎ በሰው መላጊያና በሰው መሮ፣ ያውም በአንድ ከሰዓት በኋላ ተላምደው፣ ሰው ፊት በርጩማ ይሥሩ እንደማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ለሃርፕ የተጻፈ ሥራ ጥቂት ነው። ሞዛርት እንኳ የጻፈው አንድ ነው፣ ለዋሽንትና ለሃርፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ ላይ። ያዘዘው አንድ መስፍን ነበር። መስፍኑ ዋሽንት ይነፋል፣ ልጁ ሃርፕ ትጫወታለች። ሥራውን ከተረከበ ከ4 ወር በኋላ ሞዛርት ለአባቱ ደብዳቤ ጽፎ «እስካሁን አልከፈለኝም» ብሎ አማሯል። ይሄን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ይረዱታል።

ስለዚህ የሃርፕ ሰው ያለውን ብቻ እየደጋገመ አይኖርም። ለዘመኑ የሙዚቃ ጸሐፊዎች ምክንያት ይሆናል፤ ያስጽፋል። እኔን ከዮሺኖ ሕይወት ከሽልማቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ቶሩ ታኬሚትሱ የጃፓን ትልቁ ደራሲ ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲ ማለቴ ነው። በ1992 ለዋሽንት፣ ለቪዮላና ለሃርፕ አንድ ሥራ ጻፈ፤ ቪዮላ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም በሉት። መጀመሪያ የተጫወቱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዋሽንቱን ስዊዘርላንዳዊው ኦሬል ኒኮሌ፣ ቪዮላውን ኖቡኮ ኢማይ፣ ሃርፑን ዮሺኖ። ቦታው ሚቶ የምትባል የጃፓን ከተማ ናት። እነዚያን ሦስት መሣሪያዎች ፈረንሳዊው ዴቡሲ በ1915 አንድ ላይ አስቀምጧቸው ነበር። ሌላው ጃፓናዊ የሙዚቃ ደራሲ ቶሺዮ ሆሶካዋም ለሃርፕና ለኦርኬስትራ የጻፈውን መጀመሪያ የተጫወተችው እሷ ናት። ዛሬ ሌላ አገር ያለች ተማሪ ያንን ስታጠና፣ ዮሺኖ ቀድማ በረገጠችው መንገድ ነው የምትሄደው።

ረዘመብኝ። ዋጋውን ደግሞ አይጠይቁኝ። ይሁን ከጠየቁኝ፣ ትልቁ የኮንሰርት ሃርፕ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በብር አስልተው እንዳይታመሙ።

አዌቱ ማዶ፦

ሃያ ሺህ ዶላር! ሐኪም ትሁን ብያለሁ።

እህተ ሰንበት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በገና አስተምራለሁ፣ እዚሁ ጅማ። ልጅቷን ሳላውቃት አልቀርም። ትንሽ ጣት የምትቆጥር ልጅ ብዙ የለችም።

ቡና ቀማሹ ጥሩ ብለሃል። አንድ ነገር ግን ላርም። በገና ትንሽ ሃርፕ አይደለም፣ ሃርፕም ትልቅ በገና አይደለም። ስልኩ ሁለቱንም በገና ብሎ ስለሚተረጉማቸው ነው ልጆቹ የሚደናገሩት። የሃርፕ አውታር ከድምፅ ሳጥኑ ሆድ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወደ አንገቱ ይሄዳል። የእኛ በገና ግን ሁለት ምሰሶና ከላይ ቀንበር አለው። አውታሩ ከቀንበሩ ወርዶ በቆዳው ላይ ተዘርግቶ በርኩማው ላይ፣ አውታሩን ደግፎ በሚይዘው እንጨት ላይ ያርፋል። በዚህ የበገና የቅርብ ዘመድ ክራር ነው። ሃርፕ የሩቅ ነው፤ በለቅሶ ጊዜ ብቻ እንደምንገናኘው ዓይነት።

ድምፁም ለየቅል ነው። ሃርፕ ጥርት እንዲል ይፈለጋል። በገና ደግሞ እንዲነዝር ነው የሚፈለገው። ለዚያ ነው በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምናስገባው፣ ያቺን ቁራጭ ቆዳ። እንዝራዋ ቦታዋን ከሳተች በገናው ዱዳ ነው። አናጢው፣ አንተ የሠራኸው በገና ድምፁ ካልነዘረ እንጨቱን አትውቀስ፤ መጀመሪያ እንዝራውን እይ።

የጣቱ ነገር ደግሞ ልጅቷን እንዲህ በላት። በሃርፕ ትንሿ ጣት አጭርና ደካማ ናት ተብላ ትተዋለች። በእኛ በገና ግን ሥራ አላት። አውታሩ 10 ነው፤ ዐሠርቱ ቃላት እንላለን። የሚደረደሩት 6 ናቸው። ሌሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። በግራ እጅ አምስቱም ጣት ይሠራል፣ ትንሿም ጭምር። ጃፓናዊቷ የማታውቀውን አንድ ነገር ልጅህ ታውቃለች ማለት ነው። ይሄን ስትሰማ ኩርፊያዋ ይለቃት ይሆናል።

«አገር ላገር እዞራለሁ» ያለችው ግን ትንሽ ከብዶኛል። በገና የጸሎት ነው። ለጭብጨባ አይደረደርም። ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ ዓለሙ አጋ በገናን ይዘው ብዙ አገር ሄደዋል። በ1970ዎቹም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምለው። ደርግ መጥቶ በገና ከሬዲዮ ሲጠፋ፣ ሙያው እንዳይሞት ከያዙት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መዞሩ አይደለም ችግሩ። ምን ይዘሽ ነው የምትዞሪው ብዬ እጠይቃታለሁ።

አንድ ምክር። ክራር ጨምርላት። ክራር ላይ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬን ታውቃለች፤ ጣቷም ይፈታል። ኖታም ትጀምር። ለአውታሩ ችግር ደግሞ መላ አለው። በክረምት በገናውን ከግድግዳ አርቃ ትስቀለው። ምድጃ አጠገብ ግን አይሁን፤ የቡና ቀማሹን ጉድ ሰምታችኋል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ቶሎ አትቃኚ፣ ትንሽ ታገሺው በላት።

አናጢው ከሄርማታ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ለሁላችሁም፣ ለአዌቱ ማዶም ጭምር። የተሰደበ ሰው ያህል አልከፋኝም።

እንዝራውን አየሁት። ሦስቱ ቦታቸውን ስተው ነበር። አስተካከልኳቸው። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ምንድን ነው የሚነዝረው?» አለች። ሁለት ወር ሙሉ እንጨቱን ስወቅስ ነበር።

የትንሿን ጣት ወሬ ለልጄ ነገርኳት። ዝም ብላ ግራ እጇን አየች። ከዚያ «ታዲያ እሷ ለምን አትማርም?» አለችኝ። ጃፓናዊቷን ማለቷ ነው። መልስ አጣሁ።

ቡና ቀማሹ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ባለቤቴ ያየችው የእግር መርገጫ ምን ይሠራል? ደግሞስ ያ ሁሉ አውታር ሲወጠር ሳጥኑ እንዴት አይቀደድም? የእኔ 10 አውታር ብቻ ነው፣ ቀንበሩ ግን ዓምናና ዘንድሮ አንድ አይደለም፤ ጎብጧል። ስለ እንጀራው የጠየቅኩትን ትቼ ስለ እንጨቱ መጠየቄን አውቃለሁ። አናጢ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ቡና ቀማሹ፦

ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

አውታሩ 47 ነው። የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ7 ኩንታል ይበልጣል። ሳጥኑ ፊቱ ላይ ያለችው ቀጭን ጣውላ ያን ሁሉ ትችላለች። ከስፕሩስ ነው የምትሠራው፤ የጥድ ዘመድ የሆነ ቀላል እንጨት። ገላው ሜፕል የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። ያም ሆኖ ዓመታት ሲያልፉ ጣውላዋ ሆዷ እየወጣ ይመጣል። ባለሙያዎቹ እንደ ጉድለት አያዩትም። ድምፁ የበሰለው ያኔ ነው የሚሉም አሉ። ስለዚህ ለጎበጠው ቀንበርዎ አይፈሩ፣ ግን ይከታተሉት።

መርገጫው 7 ነው። ለሰባቱ ድምፅ ለእያንዳንዱ አንድ። ሦስት በግራ እግር፣ አራት በቀኝ። እያንዳንዱ ሦስት ማረፊያ አለው። ላይ ሲሆን ድምፁ ይወርዳል፣ መሃል ሲሆን ይስተካከላል፣ ታች ሲረገጥ ይወጣል። ለምሳሌ አንዱን መርገጫ ስትረግጠው፣ በሃርፑ ላይ ያለው ያ ድምፅ ሁሉ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ አንድ ላይ ይለወጣል። እንዴት መሰለዎት? ያ ፊት ለፊት ያዩት ምሰሶ ውስጡ ባዶ ነው። በውስጡ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ከመርገጫው ተነስተው እስከ አንገቱ ይወጣሉ። አንገቱ ላይ ትናንሽ ክብ ብረቶች አሉ። መርገጫው ሲወርድ እነሱ ይዞሩና አውታሩን ቆንጠጥ ያደርጉታል። አውታሩ አጠረ ማለት ድምፁ ወጣ ማለት ነው። ይሄን አሠራር በ1810 ያስመዘገበው ሴባስቲያን ኤራር የሚባል የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ ነው። እንጨት ሠሪ ነበር በሉኝ፣ ደስ ይበልዎ። ባለቤትዎ ሲንጀር ማለታቸው ልክ ነው፤ ሲንጀር ግን ገና አልተፈለሰፈም ነበር።

ጃፓን ውስጥም ይሠራል። ፉኩይ በሚባል ክፍለ ሀገር አኦያማ የሚባል የሃርፕ ፋብሪካ አለ። ሃርፕ ለጃፓንም ባዕድ ነው እኮ። ጆሴፍ ሞልናር የሚባል ኦስትሪያዊ በ1952 ለኦርኬስትራ ሥራ መጥቶ እዚያው ቀረና ተማሪ አፈራ። ጦርነቱ ካበቃ 7 ዓመቱ ነው፤ አገሩ ገና ከአመዱ እየተነሳ ነው። አንድ ሰው መጣ፣ አስተማረ፣ ሠሪም ተገኘ። ዮሺኖ ሮም ላይ 2ኛ ስትወጣ ከዚያ 29 ዓመት ነው የተቆጠረው። ይሄን ስል ጅማ ውስጥ ሃርፕ ይጀመር ማለቴ አይደለም። በ29 ዓመት ውስጥ ምን እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። 47 አውታር መሃል ጣት እንዳይጠፋ ምልክት አለው። «ዶ» የሆነው ሁሉ ቀይ ነው። «ፋ» የሆነው ጥቁር ነው። ተጫዋቿ ቀዩን እያየች ነው ራሷን የምታገኘው። ለልጅዎ ይንገሯት፣ ቪዲዮው ላይ ትፈልገው።

አዌቱ ማዶ፦

ቀማሹ፣ እንዲህ የሚያውቅ ሰው ቡና እየቀመሰ መቅረቱ ያሳዝናል። ለመሆኑ ጃፓኖች የኛን ቡና ይወዱታል?

ቡና ቀማሹ፦

ሞካ ብለው ይሸጡታል። የጅማም ሲገኝ። አንድ ሲኒ በምን ያህል እንደሚጠጡት ብነግርህ ገበሬው እንዳይሰማ ብለህ ትደልዘዋለህ።

አናጢው ከሄርማታ፦

ቀዩን ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር።

ዛሬ ከሥራ ስገባ በገናው አልጋዬ ላይ ተጋድሟል። ሁለቱን አውታሮች በእናቷ የጥፍር ቀለም ቀይ ቀብታቸዋለች። ቤቱ በቀለም ሽታ ታፍኗል። «አባዬ፣ አሁን ጣቴ አይጠፋም» አለችኝ። 10 አውታር ላይ ጣት እንዴት እንደሚጠፋ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። እናቷ በጥፍር ቀለሙ ተናዳለች። እኔ ግን ላለመሳቅ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እህተ ሰንበት፣ አትቆጪን። ቀለሙ አውታሩን ይጎዳዋል? በአሴቶን ላስለቅቀው ወይስ ልተወው?

እህተ ሰንበት፦

አሴቶን እንዳታስነካው! አንጀት ነው፣ ብረት አይደለም። ቀለሙ ድምፁን ያፍነዋል፤ ሁለቱን አውልቃቸው። ቅዳሜ ስትመጣ ከእኔ ዘንድ አዲስ አውታር ትወስዳለች። እንዝራውንም ራሷ ታስገባ፣ አንተ አትንካላት። ምልክት ካስፈለጋት ቀንበሩ ላይ በእርሳስ ታድርግ።